ለገና ወደ ተጎጂዎች መንደር ስትሄዱ፦ ስለ በሬው፣ ስለ ድስቱና ስለ ስም ዝርዝሩ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ የሞቱት የተቀበሩትን ሊያወጡ ተሰብስበው ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጥቶባቸው ነው። እንዲህ ያለ መከራ ወዳለፈበት መንደር በበዓል የሚሄድ የሰበካ ጉባኤ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የወንጌላውያን ማኅበር ግቡ አንድ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓሉን በገዛ ምድጃው እንዲያከብር ማድረግ። ድንኳን ተክሎ፣ ሰው አሰልፎ ወጥ ማብላት ለአዘጋጁ ይቀለዋል፤ እናት ግን ልጆቿን በራሷ እጅ አብስላ ማብላት ትፈልጋለች።

መጀመሪያ የትኛው በዓል እንደሚሻል ጠይቁ። በጎፋና በጋሞ ከገና ይልቅ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ለሥጋውም ለቅቤውም ሰው ቀድሞ የሚያጠራቅመው ለእሱ ነው። መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ለኦርቶዶክሱ ጾም መሆኑን አትርሱ። ገና ግን በየትኛውም ቀን ቢውል ይፈሰካል። የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ይሆናል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዋዜማው ቀደም ብሎ የደረሰ ሥጋ ለጿሚው ቤት አይሆንም፤ ተበላሽቶ ይጣላል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ሰው ልካችሁ ዝርዝር አሠሩ። የቀበሌውን መዝገብ ብቻ አትመኑ፤ ከእድሩ ዳኛ፣ ከአጥቢያው ካህን፣ ከፓስተሩና ከሴቶቹ ጋር አመሳክሩት። ከመዝገብ የሚቀሩት ዘመድ ቤት የተጠጉት፣ ወላጅ አልባ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችና በናዳው መታወቂያቸው የጠፋባቸው ናቸው። መታወቂያ ለሌለው ሁለት ምስክር ይብቃው። ዝርዝሩን በሕዝብ ፊት አስነብቡ፤ ቅሬታው የዚያን ቀን ይውጣ፣ በእደላው ዕለት ሲነሳ ጠብ ይሆናል። ለተረሱት ከመቶ አሥር እጅ መጠባበቂያ ያዙ።

አሁን ወደ በሬው። 250 ኪሎ የሚመዝን ያገር በሬ ታርዶ ከነአጥንቱ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 125 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ለአንድ ቤት 5 ኪሎ ብትሉ ለ25 ቤት ይደርሳል፤ በሬ ግን ከታሰበው ስለሚያንስ ለ22 ቤት አንድ ብላችሁ አቅዱ። 110 ቤተሰብ ካለ አምስት በሬ ማለት ነው። በበዓሉ ሳምንት ዋጋው ስለሚሰቀል ቀደም ብላችሁ፣ ከዞኑ ከተማ ከሳውላና ከአካባቢው ገበያዎች ከፋፍላችሁ ግዙ። ከአንድ ገበያ በአንድ ቀን ጠቅልሎ መግዛት ለነዋሪው ዋጋ ያንርበታል። ከእርድ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይያቸው፤ በድንገት የወደቀ ከብት በአባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይታረድም፣ ቆዳውም አይገፈፍም። እርዱ በዋዜማው ከሰዓት ይሁን፤ ቅርጫው ከመጨለሙ በፊት ቢዳረስ ቅዳሴ አድሮ የሚመለሰው ሰው ወጡ ደርሶ ይጠብቀዋል። ሥጋውን በቅጠል ወይም በንጹሕ ሳፋ ስጡ፤ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ይሸታል። ሙስሊም ቤተሰብ ካለ በራሳቸው አራጅ፣ በሌላ ቦታ የሚታረድ በግ ወይም ፍየል ለዩላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃው ነው። ቤቱ በጭቃ የተዋጠበት ሰው ቢላዋም ድስትም የለውም፤ ሥጋ ተቀብሎ የጎረቤት ድስት ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ ከበሬው ቁጥር ቀንሳችሁም ቢሆን ለየቤቱ 7 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ቢላዋ፣ ጀበና፣ ስድስት ሲኒና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አድርሱ። ከእሱ ጋር 10 ኪሎ ዱቄት፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ጨውና በርበሬ፣ ደግሞም ማገዶ። ማገዶ ካላመጣችሁ ሰው የዳገቱን ዛፍ ይቆርጣል፤ ያ ዛፍ አፈሩን የያዘ ነው። የልጆች ጫማ የምትገዙ ከሆነ የእያንዳንዱን እግር በክር ለክታችሁ ስሙን እሰሩበት፤ በግምት የተገዛ ኮንጎ ግማሹ አይሆንም። ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ አትጫኑ።

እደላው ገደል ሥር ወይም ዳገት ግርጌ አይሁን። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ቦታ ቀይሩ። የመቀበያ ኩፖን ከእደላው አንድ ቀን ቀድማችሁ በየቤቱ በትኑ፤ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ይጠሩ፤ ከመኪና ላይ ምንም አይወርወር።

ጸሎትና መዝሙር ይኑር፣ ግን ከእደላው በኋላ፣ የፈለገ ብቻ የሚገኝበት ይሁን። ስጦታውን ስብከት ለማሰማት ወይም እምነት ለማስቀየር ማስያዣ ማድረግ በደል ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብም ይከለክለዋል። ሐዘንተኛ ቤት ግን የተለየ ነው። ለመጀመሪያው በዓል ከበሮ ይዛችሁ አትግቡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዳቦና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ የሟቹን ስም ጠርተው ሲያወሩላችሁ ስሙ። ፎቶ አታንሱ፤ ለላኪዎች መረጃ ካስፈለገ ደረሰኝና የተፈረመ ዝርዝር ይበቃል።

የተረፈውን ገንዘብ ይዛችሁ አትመለሱ። ከጥር በኋላ በልግ ስለሚገባ ለዘርና ለዶማ እንዲውል ከመንደሩ ኮሚቴ ጋር ተፈራርማችሁ ተዉላቸው።