የጁዶ ተወዳዳሪን የውጤት መዝገብ እንዴት እናንብብ? የሜክሲኮዋ ፕሪስካ አዊቲ እንደ ማሳያ

ፕሪስካ አዊቲ አልካራስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ በ63 ኪሎ የብር ሜዳሊያ ስትወስድ፣ ሜክሲኮ በኦሊምፒክ ጁዶ የመጀመሪያ ሜዳሊያዋን አገኘች። በፍጻሜው ያሸነፈቻት ስሎቬንያዊቷ አንድሬያ ሌሽኪ ናት። ብዙዎች ስሟን የሰሙት ያን ቀን ቢሆንም፣ እዚያ ያደረሳት መንገድ የሚገኘው በውጤት መዝገቧ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ባንዲራውን አጣሩ። ፕሪስካ ከኬንያዊ አባትና ከሜክሲኳዊት እናት ለንደን ተወለደች፤ ለሜክሲኮ መወዳደር የጀመረችው በ2017 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን በሜክሲኮ ስም ብትፈልጉ አታገኙትም።

ቀጥሎ ክብደቱን እዩ። የ63 ኪሎ ምድብ ከ57 በላይ እስከ 63 ኪሎ ያሉትን ይይዛል። ሚዛኑ የሚደረገው በውድድሩ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በዕጣ የተመረጡት እንደገና ይመዘናሉ፤ ያለ ጁዶ ልብስ ከምድቡ ጣሪያ ከ5 በመቶ በላይ ከጨመሩ፣ ማለትም እዚህ ምድብ ውስጥ ከ66.15 ኪሎ ካለፉ፣ ይሰረዛሉ። ምድብ የቀየረ ተወዳዳሪ የቀድሞ የዓለም ደረጃ ነጥቡን ይዞ አይሻገርም። የአንድ ጎበዝ ስም ከደረጃ ሰንጠረዡ ድንገት ከጠፋ ቀድማችሁ ይህን ጠርጥሩ።

አሁን የዓለም ደረጃ ወደሚወሰንበት ነጥብ። ወርቅ ሁሉ እኩል አይደለም፦ ከዝቅተኛው የውድድር እርከን ወደ ከፍተኛው ስንሄድ፣ የአህጉር ኦፕን አሸናፊ 100፣ የግራንድ ፕሪ 700፣ የግራንድ ስላም 1000፣ የዓለም ሻምፒዮና 2000 ነጥብ ያገኛል። በግራንድ ስላም ሁለተኛ 700፣ ሦስተኛ 500፣ አምስተኛ 360፣ ሰባተኛ 260 ነው። ስለዚህ በግራንድ ስላም ሰባተኛ መውጣት ከሁለት የአህጉር ኦፕን ወርቅ ይበልጣል። ሜዳሊያ ብቻ የሚቆጥር አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ነጥብ ያረጃል። ለ12 ወራት ሙሉ ዋጋውን ይይዛል፣ በሚቀጥሉት 12 ወራት ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ ይወድቃል። በግራንድ ፕሪ የተገኘ የነሐስ 350 ነጥብ በሁለተኛው ዓመት 175 ነው። ተወዳዳሪዋ ምንም ሳትሸነፍ ደረጃዋ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ያለፈው ዓመት ውጤት ግማሽ ሆኖባት ይሆናል።

አምስተኛና ሰባተኛ ደረጃ ሁለት ሁለት ሰው አላቸው። ሰባተኛ ማለት በሩብ ፍጻሜ ከተሸነፉ በኋላ ሁለተኛ ዕድል በሚሰጠው ግጥሚያም የወደቁ ናቸው፤ አምስተኛ ደግሞ ለነሐስ ተጋጥመው የተሸነፉ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ባለ ደረጃዎች እስከ ሩብ ፍጻሜ እንዳይገናኙ ድልድሉ ይለያቸዋል፤ ከእነሱ ውጭ ያለ ግን በመጀመሪያው ግጥሚያ የዓለም ሻምፒዮን ሊደርሰው ይችላል። በጊዜ መውደቅን ከመፍረዳችሁ በፊት ተጋጣሚዋ ማን እንደነበረች እዩ።

ያሸነፈችበትን መንገድም መዝግቡ፦ በኢፖን (ግጥሚያውን ወዲያው በሚጨርስ ሙሉ ነጥብ) ነው ወይስ ተጋጣሚዋ ሦስት ሺዶ (የማስጠንቀቂያ ቅጣት) ተቀጥታ? ዩኮ የተባለው አነስተኛ የግጥሚያ ነጥብ ከ2017 ጀምሮ ቀርቶ በ2025 ስለተመለሰ፣ የእነዚያን ዓመታት የግጥሚያ ነጥብ ከዛሬው ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

በመጨረሻ ኮታውን፣ ማለትም ለኦሊምፒክ የተመደበውን የተወዳዳሪ ቁጥር አስሉ። ለፓሪስ በየምድቡ 17 ተወዳዳሪዎች በደረጃቸው በቀጥታ አለፉ፤ ከአንድ አገር ግን በአንድ ምድብ አንድ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ከላይ ያሉትን የአንድ አገር ተደራቢዎች ስትቀንሱ፣ በሰንጠረዡ 22ኛ የሆነች ተወዳዳሪ በኮታው ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። ያልገቡት በአህጉር ለተመደቡት 100 ቦታዎች ይፎካከራሉ።