ቪው ውስጥ ቪው ሲደራረብ ንክኪ የምናበላሽባቸው ስህተቶች

አንድሮይድ ላይ በስክሪኑ የሚታይ እያንዳንዱ ነገር፣ ዝርዝሩም ፎቶውም ባተኑም፣ ቪው ይባላል። ወደ ላይና ወደ ታች ስክሮል የሚደረግ ዝርዝር አለ እንበል። በየመስመሩ ደግሞ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ የዕቃ ፎቶዎች አሉ። ተጠቃሚው ፎቶውን ወደ ጎን ሊጎትት ሲል ገጹ ቁልቁል ይሄድበታል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያገኘውን አንድ መስመር ኮድ ለጥፎ ያልፋል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ንክኪውን ማን እንደያዘው እወቁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ንክኪው ከአክቲቪቲው (ከአፑ ገጽ) ተነስቶ ከወላጅ (ሌላውን ከያዘው ቪው) ወደ ልጅ (ውስጡ ወዳለው) ይወርዳል። እያንዳንዱ ቪውግሩፕ (ሌሎች ቪውዎችን የሚይዝ ቪው) «ኦን ኢንተርሴፕት ተች ኢቨንት» ላይ ራሱ ይውሰደው ወይስ ለልጁ ያሳልፈው ይወስናል። ልጁ ካልፈለገው ወደ ወላጁ «ኦን ተች ኢቨንት» ይመለሳል።

በጣም የተለመደው ስህተት ልጁ «አክሽን ዳውን» (ጣቱ ሲያርፍ የሚመጣው መልእክት) ላይ ፎልስ (አልፈልግም) ብሎ መመለሱ ነው። «ሙቭ ሲመጣ እይዘዋለሁ» ትላላችሁ፣ ግን ሙቭ (ጣቱ ሲንቀሳቀስ የሚመጣው መልእክት) አይመጣም። ዳውን ላይ አልፈልግም ያለ ቪው ጣቱ ተነስቶ እንደገና እስኪያርፍ ድረስ ምንም አይደርሰውም።

ተቃራኒውም አለ። ወላጁ ዳውን ላይ ገና ሳያጣራ ትሩ (እወስደዋለሁ) ብሎ ይጠልፋል፣ ከዚያ ውስጥ ያሉት ባተኖች በሙሉ ይሞታሉ። ወላጅ መታገስ አለበት። ጣቱ «ተች ስሎፕ» የሚባለውን ርቀት ካለፈ በኋላ ነው መጥለፍ ያለበት። መደበኛው 8 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን ርቀት መለኪያ) ነው፣ ግን ቁጥሩን በእጃችሁ አትጻፉ፣ የሲስተሙን ልኬቶች ከያዘው ክላስ፣ ከ«ቪው ኮንፊገሬሽን» ውሰዱት።

ወላጁ መሃል ላይ ሲጠልፍ ደግሞ ልጁ «አፕ» (ጣቱ ሲነሳ የሚመጣው) ሳይሆን «አክሽን ካንስል» (ንክኪው ተሰርዟል የሚለው) ነው የሚደርሰው። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዛቱ! ባተኑ እንደተጫነ ይቀራል፣ የተጎተተው ካርድ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ካንስል ላይ እንደ አፕ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሱ፣ ክሊኩን ግን አታስነሱ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። ሪሳይክለርቪው (የውጪውን ዝርዝር የሚያሳየው ቪው) ጣቱ ቁልቁል የሄደውን ርቀት የሚያወዳድረው ከስሎፑ ጋር ብቻ ነው። ጣቱ በአብዛኛው ወደ ጎን ሄዶ ትንሽ ቁልቁል ካዘነበለም የውጪው ዝርዝር ሊጠልፈው ይችላል፣ የሰው ጣት ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ሰዎች ወላጁ እንዳይጠልፍ የሚከለክለውን «ሪኩዌስት ዲስአላው ኢንተርሴፕት ተች ኢቨንት» ትሩ አድርገው ኦንክሬት (ገጹ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ አንዴ ይጠሩታል። አይሠራም፣ ምክንያቱም አዲስ ዳውን በመጣ ቁጥር ይሰረዛል። ሌላው ሰው ደግሞ ዳውን ላይ ይጠራውና እዚያው ይተወዋል። ያኔ ጣቱ ፎቶ ላይ ያረፈ ሰው ገጹን ቁልቁል ማውረድ ያቅተዋል፣ እኔ ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል ባይ ነኝ፣ ፎቶዎቹ ስክሪኑን ሞልተው ከሆነ ተጠቃሚው መውጫ የለውም። ትክክሉ ዳውን ላይ ትሩ ብሎ መያዝ፣ ሙቭ ላይ ስሎፑ ሲታለፍ ሁለቱን ርቀቶች ማወዳደር፣ ቁልቁሉ ከበለጠ ፎልስ ብሎ ለወላጁ መልቀቅ ነው። ውጪ ያለው ቪውፔጀር2 (ገጾችን በማንሸራተት የሚቀያይር ቪው) ከሆነ ደግሞ ፎቶዎቹ ጫፍ መድረሳቸውን በ«ካን ስክሮል ሆሪዞንታሊ» አይታችሁ ልቀቁለት። ቪውፔጀር2 ፋይናል ክላስ ስለሆነ ወርሳችሁ አትቀይሩትም፣ ጎግል በናሙና ኮዱ ያቀረበው «ኔስትድ ስክሮለብል ሆስት» ይህንኑ ነው የሚሠራው፣ ፎቶዎቹን በሱ ጠቅልሏቸው።

«ኦን ተች ሊስነር» (ንክኪ እንዲነግራችሁ ቪው ላይ የምትሰኩት ኮድ) ላይ ሁልጊዜ ትሩ የምትመልሱ ደግሞ ክሊካችሁ የት እንደገባ አትገረሙ። ሊስነሩ ከ«ኦን ተች ኢቨንት» ይቀድማል፣ ክሊኩን የሚያስነሳው ግን ሁለተኛው ነው። ንክኪውን የግድ ራሳችሁ የምትይዙ ከሆነ አፕ ላይ «ፐርፎርም ክሊክ»ን ጥሩ፣ ሥራውንም ክሊክ ሊስነሩ ውስጥ አስቀምጡት። ቶክባክ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው) የሚጠቀሙ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ባተን የሚጫኑት በዚያ በኩል ነው፣ ሥራው ተች ሊስነሩ ውስጥ ብቻ ከተቀበረ ለነሱ ባተኑ የለም ማለት ነው።

ቪውን በጣት ስትጎትቱ የሚንቀጠቀጥባችሁ ከሆነ የጣቱን ቦታ ለማወቅ «ጌት ኤክስ»ን ተጠቅማችሁ ይሆናል። እሱ የሚለካው ከራሱ ከቪው ጥግ ነው፣ ቪው ሲንቀሳቀስ መለኪያውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከስክሪኑ በሚለካው በ«ጌት ሮው ኤክስ» ቀይሩት፣ ይረጋል።