የፋብሪካ ከተማን የተዘነጋ ታሪክ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የአንድ የኢንዱስትሪ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ የማሽኑ ፈልሳፊና የፋብሪካው ባለቤት ስማቸው አይቀርም፤ ከማሽኑ ሥር ሲደክሙ የኖሩት ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋሉ። እነሱን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከተማዋ ስለ ራሷ በአደባባይ ያስጻፈችውን ከጥንቱ ሰነድ ጋር ማመሳከር እንደሆነ አምናለሁ፤ የጥጥ ፋብሪካዎች መናኸሪያ የነበረችው የእንግሊዟ ማንቸስተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማውን በሙሉ ከመያዝ ይልቅ አንድ ቦታ ይምረጡና እዚያ የተሰቀለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ምን እንዳስቀረ እየጠየቁ ያንብቡ። በፒተር ስትሪት በሚገኘው በቀድሞው የፍሪ ትሬድ አዳራሽ ላይ ለብዙ ዓመታት የኖረው ሰሌዳ፣ በኦገስት 16 ቀን 1819 አዳራሹ በኋላ በተሠራበት ሜዳ ወደ 60,000 ሕዝብ እንደተሰበሰበና በወታደሮች እንደተበተነ ብቻ ይናገር ነበር። ሕዝቡ የምክር ቤት ውክልና ሊጠይቅ መውጣቱን፣ ፈረሰኞች ሰይፍ መዘው እንደገቡበትና ሰዎች እንደሞቱ አላነሳም፤ ሟቾቹ የተጠቀሱት በ2007 በተተካው ሰሌዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ «ተበተነ» የሚል ቃል ሲያጋጥምዎ የዘመኑን ጋዜጣና የምስክሮችን ቃል ይፈልጉ።

በዚያው መሬት ላይ በተሠራው አዳራሽ በዲሴምበር 31 ቀን 1862 ሌላ ስብሰባ ተደረገ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ባሕር ኃይል የደቡቡን ወደቦች በመዝጋቱ ጥጥ ተቋርጦ፣ በማንቸስተር ዙሪያ ባለው የላንክሻየር አውራጃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በርዳታ ይኖሩ ነበር፤ በዚህ ችግር መካከል የማንቸስተር ሠራተኞች ባርነትን በመቃወም ለፕሬዚዳንት ሊንከን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ፤ እርሱም በጃንዋሪ 19 ቀን 1863 መለሰላቸው። ከመልሱ የተወሰደው ቃል በከተማዋ በቆመው ሐውልቱ ሥር ይነበባል፤ ይሁንና ሊንከን በዘመኑ ልማድ «ሠራተኛ ወንዶች» ያለው በድንጋዩ ላይ «ሠራተኛ ሕዝብ» ሆኗል። በፋብሪካዎቹ እጅግ ብዙ ሴቶች ይሠሩ ስለነበር ለውጡ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ሆኖም ድንጋዩን ብቻ ያነበበ ሰው ሴቶቹ በ1863 በስም እንዳልተጠሩ አያውቅም።

ሴቶቹን በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ይፈልጓቸው። ከ1841 ጀምሮ መዝገቡ እያንዳንዱን ነዋሪ ቤት ለቤት በስሙ ይዘረዝራል፤ ለ100 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። አንድ ስም ከማሳደድ መንገዱን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይሻላል፤ የተበጠሰ ክር በመቀጠል ሥራ የተመዘገበ ልጅ የሚገኘው እንዲህ ነው። ያገቡ ሴቶች ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ስለሚታለፍ ግን ባዶውን ቦታ ሥራ እንደሌላቸው አድርገው አይቁጠሩት።

የሠሩበትን የሚያስታውሱ አረጋውያን ካሉ ደግሞ ከመናገር ባሻገር በእጃቸው እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸው፤ ከተቻለም በቪዲዮ ይቅረጿቸው። የላንክሻየር ሸማኔዎች ማጉን በመወርወሪያው ቀዳዳ በአፋቸው ይስቡት ነበር፤ በማሽኖቹ ጩኸት መካከልም የሚነጋገሩት ከንፈራቸውን አጉልተው እያንቀሳቀሱ፣ ያለ ድምፅ ነበር።