ቪትዝ አርኤስ በአራት ኪሎ፦ ስፖርት ሃችባክ ለያዘ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናዬ ቪትዝ አርኤስ ናት፤ የቶዮታ ቪትዝ ስፖርት ዓይነቷ። ባለ 1.5 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ላይ ላዩን ላያት ሰው አራት ኪሎ ላይ ከሚርመሰመሱት ቪትዞች አትለይም። ስፖርት መኪና ናት ብዬ ለዘመድ ማስረዳቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን የሚያውቃት ያውቃታል። አንዳንዴ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ልጅ መስታወቱን አውርዶ "አርኤስ ናት አይደል?" ይለኛል። ያን ቀን ምሳ ባልበላም ግድ የለኝም።

እነዚህን ስህተቶች ከፊሎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ጓደኞቼ ሠርተዋቸው ጋራዥ ድረስ አብሬ ሄጃለሁ። ብዙዎቹ የሚመጡት ከአንድ ነገር ነው። ቪዲዮ ላይ ያየነው መኪና የሚኖረው ቶኪዮ ወይም ዱባይ ነው፤ የኛ ግን ፒያሳ ነው የሚያድረው።

ጽሑፉን አይቶ መግዛት

"አርኤስ" የሚለው ጽሑፍ በትንሽ ብር የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ቀዩ የሆንዳ ምልክትም እንደዚያው። እውነቱን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ እሱም ሊብሬው ላይ አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ከሆነች፣ ቁጥሯ በኤስሲፒ 10 ከጀመረ ባለ 1 ሊትሯ ናት። ባለ 1.5 ሊትሯ አርኤስ ኤንሲፒ 13 ናት። የሁለተኛው ትውልድ አርኤስ ደግሞ ኤንሲፒ 91 ናት። የሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ከሆነ የምትፈልጉት ዜድሲ 31 ኤስ፣ ዜድሲ 32 ኤስ ወይም ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ያለውን ዜድሲ 33 ኤስ ነው። በ1997 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ደግሞ በኢኬ 9 ይጀምራል። ያ መኪና ከ1.6 ሊትር ሞተር ያለ ተርቦ 185 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ ምልክቱን የሚለጥፈው ሰው ብዛት አይግረማችሁ።

አሁን ይሄ ስህተት ድሮ ከነበረው በላይ ያስከፍላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለው ከተማ ውስጥ ያለው ነው። ደላላው ይህን ከእናንተ በፊት ያውቃል። "ወንድሜ፣ እንዲህ ዓይነቷን ሁለተኛ አታገኛትም" ሲላችሁ ግማሹ እውነት ነው። ሊብሬውን ግን መጀመሪያ ያሳያችሁ።

መሪዋ የት እንደነበረ አለመጠየቅ

የጃፓን ገበያ መኪና መሪው በቀኝ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ስለምንነዳ መሪያችን በግራ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቪትዞች መሪያቸው ተዛውሮ ነው የመጡት። ጥሩ አድርጎ ያዛወረ አለ፤ በላሜራና በብየዳ ያጣበቀም አለ። ሰው ጎማና ቸርኬ ሲቀይር፣ ሞላ ሲያጠነክር፣ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በዚያ ብየዳ ላይ መሆኑን አያስበውም።

ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ በሉና በባትሪ እዩ። የፔዳሎቹ ማሰሪያ ላይ የእጅ ብየዳ አለ ወይ? ድሮ የመሪው ዘንግ ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በምን ተደፈነ? መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት፤ ዙሩ እኩል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የፊት መብራቱ ነው። የጃፓን መኪና አጭር መብራት በግራ በኩል ከፍ ብሎ ነው የሚበራው፣ የእግረኛ መንገዱን እንዲያሳይ። እዚህ ግን በግራ በኩል የሚመጣው ሌላ መኪና ነው። ማታ ከቸርችል ጎዳና ስትወጡ ከላይ የሚወርደው ሾፌር ሁሉ መብራት ብልጭ ካደረገባችሁ፣ ሰላምታ እየሰጣችሁ አይደለም። እዚያው ላይ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከጨመራችሁበት ደግሞ አስቡት። መፍትሔው በብሎን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ ለግራ መሪ የተሠራውን መብራት ከነቤቱ መግዛት ነው። ቪትዝ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ስለተሸጠች ይገኛል።

ከፍታውን ረስቶ ድምፅ መግዛት

ትልቁ የኔ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወደ ፒያሳና ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ ከዚያም ይጨምራል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚስበው አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይሳሳል። የኔዋ ጃፓን ውስጥ 110 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነበራት። እዚህ 85 ቢሆን ነው። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ "ይቺ መኪና ታፍናለች፣ አየር ያጥራታል" አልኩ። ስለ አየሩ ልክ ነበርኩ፤ ስለ መድኃኒቱ ግን ተሳሳትኩ።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዋን ከነቤቱ አውጥቼ ያንን ክፍት፣ ሾጣጣ ፊልትሮ ገጠምኩ። ድምፁ ያምራል፤ አልዋሽም። ችግሩ ኦሪጅናሉ ቤት ቀዝቃዛ አየር ከፊት ይስብ ነበር። አዲሱ የሚስበው ከሞተሩ አጠገብ የጋለውን ነው። የጋለ አየር ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ጭንቅንቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየሁ በኋላ መኪናዋ ከበፊቱም ባሰች። በዚያ ላይ ፊልትሮው ላይ የሚቀባው ዘይት የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ነካውና ቆማ ስትሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የከተማውን የግንባታ አቧራ ደግሞ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ማርሚታውን አስቀየርኩ። ወፍራም ቱቦ፣ ባዶ ሆድ ማርሚታ። ካታላይዘሩንም፣ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ፣ መካኒኩ "ያፍናታል" ብሎ አወጣው። ውጤቱ? ከታች ስትነሳ ትጎትት የነበረው ጉልበት ጠፋ። አነስተኛ ሞተር ላይ ቱቦው ያለልክ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሞተሩም ቶሎ አይተነፍስም። የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ቀረ። ጠዋት ቅዳሴ የሚሄዱት ጎረቤታችን እትዬ መስኮቴን አንኳኩተው፣ "ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ታማብህ ነው እንዴ?" አሉኝ። "አይ እትዬ፣ እንደሱ እንድትሆን ከፍዬ ነው" ማለት ከበደኝ።

በመጨረሻ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የፋብሪካ ማርሚታ ገዝቼ አስመለስኩ። የራሴን ለምን እንዳልመለስኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ከፍታ ላይ በእውነት የሚሰማው ለውጥ አሰልቺ የሚባለው ነው። አዲስ ካንዴላ፣ ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ፣ የታጠበ ስሮትል፣ የማይንሸራተት ፍሪሲዮን። ከዚያ ክብደት። ኋላ የተጫነው የሙዚቃ ሳጥን ስንት ኪሎ እንደሆነ አንድ ቀን አውጥታችሁ ተሸከሙት። በነገራችን ላይ፣ ተርቦ የሌላት ቪትዝ ላይ የኦክቴን ማሳደጊያ ጠርሙስ መጨመርም ብር ማፍሰስ ነው። መጀመሪያውኑ ለተራ ቤንዚን የተሠራች ናት፤ ሳስ ያለው አየር ደግሞ ጭራሽ ያቀልላታል።

ከዱባይ የተላከ ፋይል ተርቦ ላይ መጫን

ተርቦ ያላቸው ሰዎች እዚህ ጋ ይስቁብናል። የድሮዋ ባለ ተርቦ የቶዮታ ስታርሌት ኢፒ 82 ከ1.3 ሊትር 135 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፤ ተርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳትም። ግን እነሱም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ተርቦው 0.8 ጨምሮ 1.8 ያደርሰዋል፤ ማለትም ያገኘውን አየር 1.8 እጥፍ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ መነሻው 0.77 አካባቢ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፋይል፣ ማለትም ለባሕር ዳርቻ አየር የተጻፈው መመሪያ፣ "1.8 ካልደረሰ አልተኛም" የሚል ከሆነ፣ ተርቦው አሁን ማባዛት ያለበት 2.3 እጥፍ ነው። ለዚያ ከታሰበለት በላይ መሽከርከር አለበት። ይሞቃል፣ ዘይቱን ያቃጥላል፣ አየሩንም አግሎ ይልካል። የጋለውና የተጨመቀው ቤንዚን ያለጊዜው ይነዳል፤ ከኮፈኖ ሥር ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የተናወጠ ዓይነት ድምፅ ትሰማላችሁ። ያን ድምፅ ሰምታችሁ ሙዚቃ ከጨመራችሁ የፒስተን ዋጋ ለመጠየቅ ተዘጋጁ።

ኮምፒውተሯን የሚነካ ሰው እዚሁ፣ በዚሁ አየር፣ በምትቀዱት ቤንዚን እየነዳና እያነበበ ካልሆነ ባይነካው ይሻላል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሞላ ማስቆረጥ

የኮሪደር ልማቱ ያመጣው አስፋልት አታሏቸው ሞላ ያስቆረጡ ልጆች አውቃለሁ። ዋናው መንገድ እውነት ልስልስ ብሏል። ቤታችሁ ግን ዋናው መንገድ ላይ አይደለም። የመጨረሻዋ 200 ሜትር ኮብልስቶን ናት፣ ከፊቷ ደግሞ ሰፈሩ ተሰብስቦ የሠራው የፍጥነት ማብረጃ አለ። ቁመቱን የለካው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በግራይንደር የተቆረጠ ሞላ ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይደርቃል። መኪናዋ በጃክ ስትነሳ ወይም ጉድጓድ ዘላ ስትገባ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ሾክ አብዞርበሩ ከታሰበለት ቦታ ውጭ ስለሚሠራ ዕድሜው ያጥራል። ዝቅ ማለት ካለባት ለዚያች መኪና ተለክቶ የተሠራ አጭር ሞላ ይገጠም፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት። ቸርኬም ላይ እንደዚያው። ስዊፍት ስፖርት ዜድሲ 33 ኤስ ከፋብሪካ 195/45 ባለ 17 ለብሳ ነው የወጣችው። ከዚያ የሳሳ ጎማ እዚህ ከተማ የሚጠቅመው ጎሚስታውን ነው።

ፍሬንን ለመጨረሻ ማቆየት

እሁድ ጠዋት ከእንጦጦ ማርያም እስከ ስድስት ኪሎ ውረዱ። ሁሉም ቁልቁለት፣ ሁሉም ጥምዝምዝ። ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ የፍሬን ዘይታችሁ ፈልቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ይጀምራል። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ከአንድ ቸርኬ ዋጋ ያንሳል። ጥሩ የፍሬን ሸራም ያስፈልጋል። እና በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ማንዋል የገዛችሁት ለምን ሆነና?

ራዲያተር ላይ የቧንቧ ውኃ መሙላት

አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የሚያድናችሁ የራዲያተር ክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። ክዳኑ ካረጀና ውስጡ የቧንቧ ውኃ ብቻ ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ) ለማቃጠል አንድ የተጨናነቀ ዳገት ይበቃል።

ሊብሬውን መርሳት

ሞተር መቀየር የሚያምረው አለ። ባለ 1 ሊትሯን ቪትዝ ባለ 1.5 ማድረግ ይቻላል፤ ሽቦውና ኮምፒውተሩ አብሮ መምጣት አለበት እንጂ። ግን የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተሩን ስትገዙ የጉምሩክ ወረቀቱን አብራችሁ ካልተቀበላችሁ ችግሩ የሚታየው በዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ነው። አንድ ጓደኛዬ ወረቀቱን "ነገ አመጣልሃለሁ" ብሎት የሄደውን ሻጭ እስካሁን ይፈልጋል። ኢንሹራንስም እንደዚያው ነው፤ ሙሉ መድን ከገባችሁ የቀየራችሁትን ነገር አስመዝግቡ።

ኦሪጅናሉን ዕቃ መጣል

ከመኪናዋ ያወለቃችሁትን ሁሉ አስቀምጡ። ሞላውን፣ ፊልትሮ ቤቱን፣ ቸርኬውን፣ እያንዳንዷን ብሎን። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ዕቃ የሌላ መኪና ዕቃ ነው። ነገ መሸጥ ከፈለጋችሁም ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኦሪጅናሉ አለ?" ብሎ ነው።

እኔ የፋብሪካ ማርሚታዬን ከነካታላይዘሩ ግቢ ውስጥ ግድግዳ አስደግፌ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ቀን ሥራ ውዬ ስገባ የለም። እናቴን ጠየቅኳት። "ያ የዛገ ቱቦ? ልዋጭ መጥቶ ሰጠሁት" አለችኝ፣ ደስ ብሏት። በምትኩ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተቀብላለች። ሳፋው እስካሁን አለ። መኪናዋን የማጥበው በሱ ነው።