ጣቴ የሽጉጡ ምላጭ ላይ አልደርስ ሲል

ድሬዳዋ በጥበቃ ሥራ ስቀጠር የተሰጠኝ ሽጉጥ እጀታው ወፍራም ነበር። ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዝ ካዝና ስላለው ነው። ጣቴ ምላጩን በጫፉ ብቻ ይነካል፤ ስስበው ጥይቱ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ልምምድ ያነሰኝ መስሎኝ በጣም ተጨነቅኩ።

አሰልጣኛችን ጋሼ "እስቲ ባዶውን ያዢው ልጄ" አሉኝ። ካዝናውን አወጣን፣ ማጉረሻው ባዶ መሆኑንም ሁለታችንም አየን። ስይዘው አፈሙዙ ከክንዴ ጋር በአንድ መስመር አልገጠመም። "ችግሩ የሽጉጡ ልክ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" አሉ።

ማካሮቭ በሚባል ሽጉጥ ቀየሩልኝ። 8 ጥይት በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ ቀጠን ይላል። በድሬ ሙቀት እጄ ሲያልበኝ እንኳ አይንሸራተትም። የመጀመሪያው ተኩስ ላይ ምላጩ ይከብዳል፤ እሱን በባዶው ደጋግሜ ተለማመድኩት። አሁን ኢላማዬን እመታለሁ።