እንግዳ ይዞ ናቹራል ብሪጅ መሄድ

ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣብኝ ዋይት ሀውስን ካሳየሁ በኋላ የምወስደው ተፈጥሮ የሠራችው የድንጋይ ድልድይ ያለበት ናቹራል ብሪጅ ስቴት ፓርክ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ። ከአሌክሳንድሪያ በሀይዌይ 66 ወጥታችሁ ሀይዌይ 81ን ወደ ደቡብ ትይዛላችሁ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ይነዳል። 81 የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ በጠዋት ውጡ። ምሳ ከቤት ያዙ፣ በተለይ ጾም ከሆነ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፦ እዚህ የሚከፈለው በመኪና ሳይሆን በሰው ነው። ቫን ሞልታችሁ የምትሄዱ ሒሳቡን ቤት ሥሩት።

ከትኬት መቁረጫው ወደ ታች 137 ደረጃ አለ። መውረዱስ ይሁን፣ ጉዱ ያለው ሲመለሱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ የሚያወርድ መኪና እንዳለ እዚያው ጠይቁ።

ከታች ስትደርሱ አትቸኩሉ። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ «ይሄን ማን ደግፎት ነው?» አለች። ደጋፊ የለውም። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ድሮ ወንዙ በምድር ውስጥ ዋሻ ቦርቡሮ ያልፍ ነበር። የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ሳይወድቅ የቀረው ቁራጭ ነው ድልድዩ። ከፍታው 215 ጫማ፣ ወደ 65 ሜትር ነው። ሥሩ የሚፈሰውን ሲዳር ክሪክን ስታዩት ግን ይሄ ሚጢጢ ጅረት ነው ወይ የሠራው ትላላችሁ። ደግሞ ጀርባው ላይ አስፋልት አለ! ሩት 11 የሚባለው የመኪና መንገድ በላዩ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ስለተከለለ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ልብም አይለው።

ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ነጭ አራት ማዕዘን ፈልጉ። ውስጡ የጆርጅ ዋሽንግተን ነው የሚባል የስም ምልክት ተቀርጿል። እኔ ብዙም አላምንበትም፤ ልጆች ግን መፈለጉን ይወዱታል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰን በ1774 ቦታውን ከእንግሊዝ ንጉሥ በ20 ሽልንግ መግዛቱ ግን የተመዘገበ ነው። በኋላ ቦታውን እንዲጠብቅለት ያደረገው ፓትሪክ ሄንሪ የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው ነበር፤ ከታዋቂው ፖለቲከኛ ጋር ስማቸው ብቻ ነው አንድ።

አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነሥቶ ከድልድዩ ይመለሳል። እናንተ ጅረቱን ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥሉ። አንድ ማይል ያህል ሄዳችሁ ሌስ ፎልስ የሚባል ፏፏቴ ትደርሳላችሁ። መንገዱ አይከብድም፣ ጥላም አለው። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ስኒከር አድርጉ፤ በነጠላ ጫማ የመጣ እንግዳ ካለ ድልድዩ ሥር አግዳሚ ላይ ይጠብቃችሁ። ውሃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፣ ልጆች ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

ስትመለሱ 14 ማይል ገደማ ላይ ሌክሲንግተን አለች። ቡናም ቤንዚንም እዚያ ጨርሱ። ሳይጨልም 81 ላይ ውጡ፤ ማታ አጋዘን ድንገት መንገድ ይገባል።