ጥያቄዎቹን በውዟቸው

ካልኩለስና ፊዚክስ ባንድ ሴሚስተር ተደራርበውባችሁ፣ ወርክሺቱን እንደ ውሃ ጠጥታችሁ ፈተና ላይ ድርቅ ትላላችሁ? ከየምዕራፉ ጥያቄዎችን በትንንሽ ወረቀት ገልብጡና በውዟቸው። ማታ ማታ 5 አውጡ። እስከ መልሱ መሥራት ግድ አይደለም፤ መነሻውን፣ ማለትም በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ ብቻ ጻፉ። ለምሳሌ አንድ ዕቃ ፍሪክሽን (ሰበቃ) በሌለው ተዳፋት ላይ ይንሸራተታል። የተጠየቀው ታች ሲደርስ ያለው ፍጥነት ከሆነ በኢነርጂ ሁለት መስመር ነው። የሚፈጅበት ጊዜ ከሆነ ግን ወደ ኒውተን ሁለተኛ ሕግ (F = ma) ሂዱ። ወርክሺት ላይ የምዕራፉ ርዕስ ዘዴውን ሹክ ይላችኋል፤ ፈተና ላይ ሹክ የሚል የለም። (አልጀብራውማ አይከብድም፣ የሚከብደው መምረጡ ነው።) ገና በጀመራችሁት ምዕራፍ ግን አትሞክሩት። መጀመሪያ 8፣ 10 ጥያቄ በተከታታይ ሥሩና እጃችሁ ይፍታታ።